የማዕበል ቤት

ኖርድቢ፣ ሰሜን ዳኮታ
ጃንዋሪ 15 ቀን 1986፣ ረፋድ ላይ

ውዱ ልጄ ዳርል፣

መርከባችሁ አላስካ ወደብ ስትገባ ይህ ደብዳቤ ቀድሞህ ይደርስ ይሆናል። እንዴት ነህ? ያ የሚያምህ ትከሻ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ። የምትወዳቸው ሁሉ በሕይወት አሉ፤ እሱን አስቀድሜ ልንገርህና ልብህ ይረፍ። የቀረውን ግን በተራው ነው የምነግርህ። ዘለህ መጨረሻውን እንዳታይ፤ አመልህን አውቀዋለሁ።

ትናንት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በጃንዋሪ ወር ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ሰው ሁሉ ካፖርቱን ጥሎ ወጣ። ሬዲዮው ደግሞ «ከካናዳ የበረዶ ማዕበል እየመጣ ነው፤ ማምሻውን ይደርሳል፤ አውራ ጎዳናው ይዘጋል፤ መንገድ ያሰበ ሁሉ ይቅር» ይላል። ጎረቤቴ ኤልመር አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «አንቺ አርዲስ፣ ይሄ ሬዲዮ እንደ አማትሽ ነው፤ ክፉ ክፉውን ብቻ ነው የሚያወራው» አለኝ።

«አማቴ እኮ ተሳስታ አታውቅም። ነፍሷን ይማረውና፣ አንተን ሰነፍ ነው ብላ ነበር» አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ትምህርት ቤቱም ሬዲዮውን አምኖ የገጠሩን ልጆች በእኩለ ቀን አሳፍሮ ላካቸው። ማዕበሉ ማታ ነው ተብሏላ! ልጅህ ብሪታም አውቶቡሱ ውስጥ ነበረች። የእናቷ የጆሊን እርሻ የት እንዳለ ታውቃለህ፤ ከድልድዩ ወዲያ አንድ ቤት የለም። ማዕበሉ ትምህርት ቤት ቢያገኛቸው ኖሮ ምን ችግር ነበረ? የገጠር ልጅ ሁሉ ከተማ ውስጥ የማዕበል ቤት አለው፤ መንገዱ እስኪከፈት እዚያ በልቶ እዚያ ያድራል። እኛ ቤት ይመጡ የነበሩት የሽሚት መንትዮች ትዝ ይሉሃል? አቤት አበላል! ብሪታ ግን የተመደበችው ፓስተሩ ቤት መስሎኝ ነበር። አንተና ጆሊን ከተለያያችሁ ወዲህ እናቷ ደጄን ረግጣ አታውቅም፤ ማን ይነግረኛል?

ከምሳ በኋላ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ነፋሱ ቀጥ አለ። ወፍ የለ፣ የውሻ ጩኸት የለ። የኤልመር ፈረሶች ሁሉም ጀርባቸውን ለሰሜን ሰጥተው ቆመዋል። ቀና ስል፣ በስመ አብ! ከዳር እስከ ዳር አንድ ነጭ ግድግዳ ቆሟል። ጫፉ ሰማይ ነክቷል። ፀሐይዋ አናቱን እያበራችው ያብረቀርቃል፤ ሥሩ ደግሞ እንደ ጥልቅ ጉድጓድ ጥቁር ነው። ይገሰግሳል፣ ግን ድምፅ የለውም። መሮጥ ሲገባኝ አፌን ይዤ ቆምኩ። ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ሜዳ ላይ ስኖር እንደዚያ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ፈርቼ አላውቅም። ተንበረከክኩ። የእህል ጎተራውን ዋጠው፤ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ቤት፤ ቀጥሎ ፈረሶቹን።

«ግቢ አንቺ ሴትዮ! ምን ይጎልትሻል? ግቢ!» ብሎ ኤልመር ሲጮህብኝ ነው የነቃሁት። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ድምፁ መጣ። ሰማይና ምድር ተደባለቀ፤ ቤቱ ከመሠረቱ አቃሰተ። ያኔ ነው ብሪታ ትዝ ያለችኝ።

ትምህርት ቤቱ ደወልኩ። ርዕሰ መምህሩ ሃውገን አነሳው። «ወጥተዋል፣ እትዬ አርዲስ። ቨርኖን ነው የሚነዳው። በረዶ ጠራጊዎቹ እንኳ ተመልሰው ገብተዋል፤ ማንን ልላክ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ምንም የለም፤ ዓለም ገና ያልተፈጠረች ይመስላል። «ጌታዬ፣ ታላቅነትህን አይቻለሁ፤ በቃኝ። አሁን ልጅቷን ስጠኝ» አልኩ። ሌላ ጸሎት ጠፋኝ። ወለሉን ስመላለስበት ዋልኩ።

በኋላ ላይ በሩ ተደበደበ። ስከፍተው ቨርኖን ነው። ጢሙ በረዶ ሆኗል፤ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሯል፤ የገመዱ ጫፍ ነጩ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። የካፖርቱን ቁልፍ ሲፈታ የብሪታ ራስ ብቅ አለ።

«እንግዳዎን ይቀበሉ!» አለኝ።

«ቨርኖን! እንዴት ተረፋችሁ?»

«ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ግድግዳውን አየሁትና አዞርኩ። ትልልቆቹ ልጆች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ‹ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ› እያሉኝ ነው የገባሁት። አሁን ገመዱን አውቶቡሱ ላይ አስሬ በየቤታቸው እያደልኳቸው ነው።»

«የእሷ የፓስተሩ ቤት አይደለም እንዴ?»

«ኧረ! ከሴፕቴምበር ጀምሮ እርስዎ ነዎት።»

«ማን ጠየቀኝ?»

«እኛማ ‹ይጠየቁ እንጂ› ብለን ነበር። ጆሊን ናት ‹አያቷ ናት፤ አያት ይጠየቃል እንዴ?› ያለችን» አለና ገመዱን ይዞ ወደ ነጩ ተመለሰ።

ክረምቱን ሙሉ የልጅህ የማዕበል ቤት የእኔ ሆኖ ሳለ አላውቅም ነበር! ለጆሊን ደወልኩላት። ስልኩ ገና አንዴ ሳይጮህ አነሳችው።

«ደረሰች?» አለች፤ ሃሎ እንኳ አላለች።

«እጄ ላይ ናት» አልኳት።

ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ «እማማ፣ እግሯን ይበርዳታል፤ ካልሲ ይደርቡላት» አለችኝና መስመሩ ተቋረጠ። እማማ ካለችኝ ስንት ጊዜዋ!

ዛሬም ነፋሱ ያጓራል። በሩ እስከ ወገቡ ተቀብሯል፤ አውራ ጎዳናውን የሚዘጋው የብረት በር ተቆልፏል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ሲከፈት ይህን ደብዳቤ የመጀመሪያው በረዶ ጠራጊ ይወስደዋል። ብሪታ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ የድንች ቂጣ ላይ ስኳር ነስንሳ ጠቅልላ ትበላለች። ዓይኗ ቁርጥ የአንተ ነው። ቅድም እያኘከች ድንገት ቀና አለችና፣

«አያቴ፣ ባሕር ላይ ማዕበል ሲመጣ የአባዬ የማዕበል ቤት የቱ ነው?» አለችኝ።

«ይሄ ነዋ! ሌላ የት ይኖረዋል?» አልኳት።

«እሱ ያውቃል?» አለችኝ።

ተነስቼ ወረቀት ፈለግኩ።

የሜዳውም የባሕሩም ጌታ እጁን ከላይህ አያንሳ። ሞገዱ ይታዘዝልህ፣ ገመድህ አይበጠስ፣ ከሚወዱህ ፊት ያቁምህ።

እናትህ
አርዲስ

አልጋህን ብሪታ ይዛዋለች። ስትመጣ ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው።