ሁለት ሳጥን በአንድ ቤት

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ብዕር የያዘችው ልጅህ ናት። የእጅ ጽሑፏን ስለምታውቀው «ማን ጻፈለት?» እያልክ እንዳትደክም ብዬ ነው ከመነሻው የምነግርህ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። «ውድ» ያልኩህም እኔ አይደለሁም፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው ስትለኝ ተውኳት። ከዚህ በታች ያለው ግን ሁሉም የእኔ ነው።

የእንግዳ ማረፊያህ እንዴት ነው? ዋይፋዩስ ሠራልህ? እንደማይሠራ አውቃለሁ። እንግዳው ስልኩን ወደ ጣሪያ አንሥቶ በኮሪደሩ ሲንጎራደድ፣ «ተገናኝቷል ይላል፣ ግን ምንም አይከፍትም» ሲልህ፣ አንተም የዋይፋዩን ሳጥን ስትነቅል ስትሰካ እንደምትውል ምግብ አብሳይህ ነግራኛለች። ይህን ስሰማ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ? ከልብስ ሰፊው ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ ሻዬን አስደገምኩ።

ያንን ሳጥን ያስገባህበት ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ በሩ ላይ፣ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ቁልፎቹ ከጀርባዬ በየምስማራቸው ተሰቅለዋል። ባለሙያው መሰላል ላይ ቆሞ ግድግዳህን ሲበሳ፣ አንተ ከታች ሆነህ ለተከራዮቹ ታስረዳ ነበር። «ያ ሁሉ ስልክ በአንድ ጊዜ ሲጠራው አይምታታበትም ወይ? ማን ማን እንደሆነ በምን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅሁህ። ከልቤ ነበር የጠየቅሁት። አንተ ግን ሰው እያየህ መሆኑን አስተውለህ ደረትህን ነፋህ።

«ጋሼ፣ ይኼማ የአንተው ሥራ ነው» አልክ። «ስልኩ ገና ሲገባ ማንንም አያውቅም። ‹እዚህ ቤት አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?› ብሎ ለሁሉም ይጮኻል። ሳጥኑ ይሰማና ያልተያዘ ቁጥር ፈልጎ ‹ይህች አለች፣ ትሆንሃለች?› ይለዋል። ስልኩ ‹ትሆነኛለች፣ ወስጃታለሁ› ይላል። ሳጥኑ ‹እንግዲያው እስከዚህ ጊዜ ድረስ ያንተ ናት› ብሎ ያጸናለታል። ከዚያ በኋላ የሚላክለት ሁሉ በዚያች ቁጥር ይደርሰዋል። ‹ልቆይ› ካለ ይራዘምለታል፤ ሄዶ ከቀረ ቁጥሯ ለሌላ ትሰጣለች። የሰው እጅ የለበትም፣ ሁሉም በራሱ ነው።»

ቀጥለህስ ምን አልክ? «ልዩነቱ፣ ይኼኛው አያንኮራፋም።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልድ አውቃለሁ። ደግሞም ሥራው አንድ መሆኑ እውነት ነበር። እንግዳ በሬ ላይ ቆሞ «አልጋ አለ?» ይላል። ዞር ብዬ ምስማሮቹን አያለሁ፤ ቁልፍ የተንጠለጠለበት ምስማር ማለት ባዶ ክፍል ማለት ነው። «ግቢውን የሚያየው አለ፣ ይስማማሃል?» እለዋለሁ። «ይስማማኛል» ሲል ቁልፉን አወርድለታለሁ። ሲሄድ ቁልፉ ወደ ምስማሩ ይመለሳል። ማንበብ አልችልም፣ መጻፍ አልችልም፤ በዚያ በር ላይ ግን አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ሰጥቼ አላውቅም። ይህችን አስምሪባት ብያታለሁ። አስምራበታለች።

ባለሙያው ከመሰላሉ ሲወርድ የተባለውንም አስታውስ። አሮጌውን ሳጥን አንሥቶ «ይኼንን አደራ ከአዲሱ ጋር እንዳትሰካው» አለህ። «ሁለቱም አድራሻ መስጠት ከጀመሩ ቤቱ ይታመሳል። ስልክ ቀድሞ የመለሰለትን ነው የሚያምነው።» አንተም ሳትሰማው በእጅህ ወደ እኔ ጠቆምክ። «ለጋሼ ስጠው፣ ሬዲዮውን ያስቀምጥበት።» እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ሬዲዮዬንም አስቀመጥኩበት።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። አንዲት ሴት የታመመች እናቷን ደግፋ ገባች፤ ለሕክምና ከሩቅ ነው የመጡት። አሮጊቷ ደረጃ እንዳትወጣ ብዬ የምድር ቤቱን ክፍል ሰጠኋቸው። አንተ ደግሞ ያን ጎማ ነጋዴ ጓደኛህን በወጥ ቤቱ በር አስገብተህ፣ ከኪስህ ትርፉን ቁልፍ አውጥተህ ሰጠኸው። የዚያኑ ክፍል! እኔን ሳትጠይቅ፣ ምስማሩን ሳታይ። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ሲገባ አሮጊቷ ልብሷን እየቀየረች ነበር። ጩኸቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ቤቱ ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ጓደኛህ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ መግቢያ አጥቷል። የአሮጊቷ ልጅ «ክፍል የሚሰጠው ማነው እዚህ ቤት?» ብላ ጮኸች። አንተ ወደ እኔ ዞረህ አየኸኝ። «እኔ ነኝ» ልትል መስሎኝ ነበር። ምን ያለሁ ሞኝ ነኝ!

«ይቅርታ አድርጉልን» አልክ። «ወንድሜ ጃጅቷል፤ ልቡ ከድቶታል። እስከ ዛሬ በር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛው።»

እንዴት ያለ ትሕትና ነው! ከዚያም እጅህን ሰደድክና የግቢውን በርና የየጓዳውን ቁልፍ ዘለላ ከወገቤ ፈታህ። በሕፃንነትህ አንተን አዝዬ የዞርኩበት ወገብ ነው እኮ። ልጅህ እዚህ ላይ ብዕሯን አቆመች፤ ቀጥይ አልኳት።

ዕቃዬን ላወጣ ክፍሌ ገባሁ። ሬዲዮዬን ሳነሣ ከሥሩ ያ አሮጌ ሳጥን አለ። አየሁት። ካፖርቴ ሥር ከተትኩትና ቤቱን ልሰናበት ብዬ በየጓዳው ዞርኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ የጃጀ ሽማግሌን ማን ይከለክላል? ባለሙያው ለሽቦው ብሎ የበሳቸው መሰኪያ ቀዳዳዎች በየግድግዳው አሉ፣ ግማሾቹ ባዶ ናቸው። ምን እንደሚሰካባቸው ላለፈ ላገደመው ሁሉ ስትሰብክ የኖርከው አንተ ነህ። ሽቦውንም ኤሌክትሪኩንም ሰካሁት። መብራቱ ብልጭ አለ። ዕቃ ጋረድኩበትና ወጣሁ። ወደ ክፍሌ አትሩጥ፤ እዚያ የማስቀምጥ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቀኛለህ።

እንግዲህ ቤትህ ሁለት በረኛ አለው። ስልኩ እንደ ልማዱ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ይጮኻል። አዲሱ ሲቀድም ይሠራለታል። የእኔው ሲቀድም ቁጥር ይሰጠውና «መውጫው በእኔ በኩል ነው» ይለዋል፤ በእሱ በኩል ግን መውጫ የለም። ስልኩ አድራሻ አገኘሁ ብሎ ይቀመጣል፤ ምንም አይገባለት፣ ምንም አይወጣለት። የእኔው ደግሞ ሲሠራ ይውላል፣ ሲሠራ ያድራል። አያንኮራፋም።

አንጀቴን ያራሰው ግን ይህ አይደለም፤ አንተ ያደረግኸው ነው። አዲሱን ሳጥን «ተበላሽቷል» ብለህ አውጥተህ ጣልከው። ሌላ ገዛህ፤ እሱንም ጣልከው። ባለሙያው «ጌታው፣ እዚህ ቤት ሌላ አድራሻ የሚሰጥ ነገር ይኖር ይሆን?» ቢልህ «በእኔ ቤት እኔ ሳላውቅ ማን ይሰጣል?» ብለህ ሰው ፊት አዋረድከው። ሳቄ መጣ። ሰው ሁሉ የሚያየውን፣ በር ላይ የተቀመጠውን፣ ምንም ያላጠፋውን ትጥላለህ፤ በጓዳ የሚሰጠውን ግን አትፈልግም። እኔንም ያደረግኸኝ ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር አላሰብኩም ነበር። ወንበሬ ላይ ልጅህን አስቀመጥካት፤ የእንግዳው ስድብ ሁሉ እሷ ላይ ወረደ። ትናንት ዓይኗ አብጦ መጣች። «ትልቁ አባባ፣ የሰዉስ ይሁን፤ አባዬ ራሱ ‹አንቺ ነሽ የነካካሽው› ይለኛል» አለችኝ። ወንድሜ፣ አሁን ደግሞ እሷን! ሳጥኑ የት እንዳለ ነገርኳትና «ሂጂ ንቀይው፣ ይብቃው» አልኳት።

አልተነሣችም።

«ያን ቀን እኮ ወጥ ቤት ነበርኩ» አለች። «አባዬ ለጎማ ነጋዴው ቁልፉን ሲሰጠው አይቻለሁ። ‹አንቺ ምንም አላየሽም፣ ሰማሽ?› አለኝ። ዝም አልኩ።»

«ታዲያ አሁን ምን ይሁን ትያለሽ?»

«ታዲያማ አልነቅለውም። ወረቀት አለዎት?»

ስማኝ እንግዲህ። ካሣ አልፈልግም። ወንበሩንም አልፈልግም፤ ልጅህ ትቀመጥበት፣ ከእኔ ይልቅ ያምርባታል። ያን ቀን የነበሩትን ሰብስብ፤ ተከራዮቹን፣ ምግብ አብሳይዋን፣ ጎማ ነጋዴውንም ከነባርኔጣው። በዚያው ኮሪደር፣ ቁልፉን ከወገቤ በፈታህበት ቦታ ቁም። «ክፍሉን ለሁለት የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ አልጃጀም፤ ዋሽቼበታለሁ» በል። ደረጃው ላይ ያለው ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለህ። ያኔ ልጅህ ሄዳ ትነቅልልሃለች። እስከዚያ ድረስ ሳጥን እየገዛህ ጣል። ግድግዳ አፈርሳለሁ ካልክም አፍርስ፣ ማን ያዘህ?

ልጅህን «የት ነው?» ብለህ ልትቆጣ ትችላለህ። «ምንም አላየሁም» ትልሃለች። አንተው ነህ ያስተማርካት።

አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከዚህ በታች አትሜበታለሁ። የእኔ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ጣቴ እዚሁ አለች።

ታላቅ ወንድምህ፣ የበሩ ሰው

በይ ልጄ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አባቴ ነው ብለሽ ያለሳለስሽው ቃል ካለ አውቅብሻለሁ። ወጥ ቤት ሆነሽ ያየሽው ጋ ስትደርሺ ግን ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፤ እሱን ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ ነው የምታነቢው።