ኮባር ያለችው አንዲት ወንበር

ጥቅምት 6 ቀን 2011

ከኮሌጅ በአውቶቡስ ወደ ሰፈራችን ባዲያ። ለእማ ዘይትና ቲማቲም ገዛሁ። ሙቀቱ ገና አልሄደም።

ዙለይኻ ደወለች። ኮባር ከተማ ያለው የዓለም አቀፍ ሕግ ቢሮ ከክፍላችን አንድ ተማሪ ለልምምድ እወስዳለሁ ብሎ አልነበር? እሷን ወሰደ። "ኡሙ፣ ወላሂ አላመንኩም" ትላለች። "ማብሩክ" አልኳት። በጥርሴ።

ነጥቤ ከእሷ ይበልጣል። የስምምነቶች ሕግን ያስጠናኋት እኔ። ታዲያ ምን አይተውባት ነው? ሳቋን? ለራሴ አልዋሽም፣ ቆሽቴ አሯል።

ጥቅምት 11

ፎቶ ላከች። ጠረጴዛ፣ ስሟ የተጻፈበት ባጅ... አጉልቼ አየሁት። ልብ ላክሁላት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 19

ከሰዓት ቤታችን መጣች፣ ባጇን እንዳንጠለጠለች። የቢሮው ጠበቃ ኡስታዛ ሸሃድ አንድ መዝገብ ሰጥተዋታል። የሻረግ የምትባል የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ እዚህ ዓረብ አገር መጥታ ኮባር ሰው ቤት የምትሠራ። ውሏ አዲስ አበባ የተፈረመ ነው፤ ሁለት ዓመት ስትጨርስ ወደ አገሯ ትመለሳለች ይላል። አምስት ዓመት አልፏታል። አሠሪዋ፣ ካፊሏ፣ ኹሩጅ የሚሉትን የመውጫ ፈቃድ አልሰጥም፣ እንዲህ ያለ ውልም አላውቅም ብሏል። እንግዲህ መውጫዋ ያቺ ወረቀት ብቻ ናት።

ወረቀቷ ደግሞ በአማርኛ ነው። ዙለይኻ አማርኛ ታወራለች እንጂ ፊደል አልቆጠረችም። እኔን እማ እየቆነጠጠች አስቆጥራኛለች። "አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ በአረብኛ ልጻፍ" አለች።

አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ "ሰኔ 12 ቀን 2005" ይላል።

"ሰኔ የትኛው ነው?"

"ጁን።"

"ጁን... 2005" እያለች ጻፈች። የእኛ 2005 እኮ በፈረንጅ 2013 ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባጇን አየሁና ዝም አልኩ። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች።

ጥቅምት 20

ኡስታዛዋ ያርሟታል። ትንሽ ብትሸማቀቅ ምን አለበት?

ኅዳር 3

እያለቀሰች ደወለች። ማንም አላረመውም፣ እንዳለ ፍርድ ቤት ሄዷል። የካፊሉ ጠበቃ የየሻረግን ፓስፖርት ይዞ መጣ። የወጣው በፈረንጅ 2013። በ2005 ደግሞ ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። "ውሉ ፎርጅድ ነው፣ በሐሰተኛ ሰነድ እንከሳታለን" አለ። ኹሩጅ ስትጠብቅ እስር ቤት ልትገባ... ኡስታዛ ሸሃድም መዝገቡን ሊዘጉት ነው።

እኔ ያሰብኩት ዙለይኻን ነበር። የሻረግ ትዝም አላለችኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ነገ ሄጄ ምን ልበል? "አሁን ገና አየሁት"?

ኅዳር 4

ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ፌስታል ታቅፋ ተቀምጣለች። አየችኝና በአማርኛ፣ "አንባቢዋ አንቺ ነሽ? እባክሽ እህቴ፣ ደህና አድርገሽ አንብቢልኝ" አለች። የሻረግ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ለኡስታዛ ሸሃድ ስለ ቀኑ አስረዳኋቸው። ስልካቸው ላይ አቆጣጠሩን ፈልገው አመሳከሩ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ የትርጉሙን የመጨረሻ ገጽ ወደ እኔ አዞሩት። ከታች የዙለይኻ ጽሑፍ፦ "አማርኛውን ያነበበችልኝ ኡሙሀኒ አብዱራሕማን ናት። ለዚህ ሥራ ከእኔ እሷ ትሻላለች። እባክዎ እሷንም ይውሰዷት።"

"ከጥር ጀምሮ ልንወስድሽ ወስነን ነበር" አሉኝ። "ቀኑን ስታነቢ ሳታስተውይ ቀርተሽ ነው?"

አዎ ብል ያልፍ ነበር። ማንም ሰው ይሳሳታል። ዙለይኻ በሩ ጋ ቆማለች፣ ዓይኗ አብጧል።

"አውቄ ነው" አልኩ። "ቀንቼባት።"

ኡስታዛ "ኸላስ፣ በቃ፤ አንቺን አንወስድም" ብለው ፋይሉን ዘጉት። ዙለይኻ ከበሩ ዘወር ብላ አሳለፈችኝ። እስከ ሊፍቱ ብቻዬን ሄድኩ።

ታኅሣሥ 10

የየሻረግ ኹሩጅ ወጣ። ትናንት ከኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ሄደች። የነገረችኝ እማ ናት። ለእማ የነገረቻት ዙለይኻ።

ከጥር የሚጀምረውን ቦታ ለክፍላችን ልጅ ለሙሜ ሰጥተውታል። የሕግ ፈተና በጭንቅ የሚያልፍ ሙሜ...

ዙለይኻ በሳምንት ሁለት ቀን ቤታችን ትመጣለች። ወደ እኔ አይደለም። እማን ፊደል አስቆጥሪኝ ብላ ለምናት ነው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። እማ "ጎበዝ ልጄ" ስትላት አሁንም ያቃጥለኛል። እኔን ብላኝ አታውቅም፣ እኔን ቆንጥጣኝ ነው።

ዛሬ ወራቱን እየቆጠረች ስትጽፍ መስከረም፣ ጥቅምት ብላ ታኅሣሥ ገባች። እማ ስልክ ላይ ነበረች፣ አልሰማችም።

"ኅዳር ቀረሽ" አልኳት ከበሩ።

ቀና ብላ አላየችኝም። እርሳሷን አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች፣ ጻፈችው።