ዋልካውና አውድማው

ሰኞ፣ ጥር 17፣ ቆላ ድባ

ዱላዬ ገባ። የመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ሰደድሁት፤ እስከ እጀታው ገብቶም መጨረሻው አልተገኘም። ግራዝማች ወርቅነህ አጠገቤ ቆመው እየሳቁ፣ «አጥብቀህ ያዝ፣ ካመለጠህ አታገኘውም!» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ዱላውን ግን ቶሎ መዘዝሁት።

ጤና ጣቢያው የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ቦታውን በነፃ የሰጡት ግራዝማች ናቸው። ሜዳ ነው፣ መንገድ ዳር ነው፣ ለገበያውም ቅርብ ነው። ጎንደር ያሉት አለቃዬ አቶ ታደሰ ቦታውን በዓይናቸው ሳያዩ ፕላኑን አስነስተው ጨርሰዋል። እኔ የተላክሁት መሠረቱ ምን ያህል መጥለቅ እንዳለበት አፈሩን አይቼ እንድነግራቸው ብቻ ነው። ቀላል ሥራ ነው ተብዬ ነበር።

ሽምብራው በቅርቡ የታጨደበት ጥቁር መሬት ነው። ዋልካ ይሉታል። ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል፤ ጥጃ ቢሄድበት እግሩ ይያዛል። ከብት እንዳይገባ አጥሩን ያጠበቁት ለዚህ ነው አሉኝ ግራዝማች፣ እንደ ዋዛ።

ማደሪያችን እሳቸው ግቢ ነው፤ እኔና ሾፌሩ ይመር አንድ ክፍል ተሰጥቶናል። አልጋው ሸጋ ነው። ይመር ያንኮራፋል።

ማክሰኞ፣ ጥር 18

ቆፋሪዎች መጡ። ጊዮርጊስ ስለሆነ አንዳንዶቹ ቀሩ፤ የመጡት ግን ጎበዞች ናቸው። እስከ ሰው ደረት የሚደርስ ጉድጓድ አስቆፈርሁ። ውስጡ ገብቼ ከላይ ወደ ታች እያነበብሁ መጣሁ።

ከላይ ያለው እንደ ተከካ ባቄላ ፍርክስክስ ያለ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ፣ ሰው ሲረግጠው ስንጥቁ ውስጥ ይራገፋል። ዝቅ ሲል ድንጋይ ሆኖ ይጠነክራል፤ ዶማው ይነጥርበታል። ከዚያ በታች እርጥብ ነው። እርጥቡን በጣቶቼ መሃል ጨምቄ ስገፋው እንደ ጥብጣብ ሳይበጠስ ወጣ። እጄን ብታጠብ፣ ብታጠብ አልለቅም አለ።

ሁለት ነገር ግን ልቤን ያዘው። አንደኛ፣ ከታች፣ ከላይ ሆኜ ብሰድድ ክንዴ በማይደርስበት ጥልቀት፣ የዘንድሮ የሽምብራ ገለባ አገኘሁ። ማንም አልቀበረውም። በስንጥቁ የወረደ ነው። ይህ አፈር በየዓመቱ የላይኛውን ወደ ታች እየወሰደ፣ ክረምት ሲያብጥ ደግሞ የታችኛውን ወደ ላይ እየገፋ ራሱን ያርሳል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እንደ ተወለወለ ቆዳ የሚያበራ ገጽ አለ። በእጄ ዳሰስሁት፤ ልስልስ ያለ ነው። አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና እርስ በርሱ ይፋተጋል።

በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፤ «ጥቁር የጥጥ አፈር» ይለዋል። አንብቦ ማለፍና ውስጡ መቆም ግን ይለያያል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አያለሁ ብዬ አላሰብሁም።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ይህ አፈር ሲነሣ ግድግዳ ይዞ ይነሣል።

ረቡዕ፣ ጥር 19

ጠዋት በከተማው ዞርሁ። ዋልካው ላይ የተሠራ የእህል ነጋዴ መጋዘን አለ፤ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል። ባለቤቱ በጭቃ ደፍኖት፣ እንደገና ተሰንጥቆ፣ እንደገና ደፍኖታል። «የግንበኛው ጥፋት ነው» አለኝ። አልተከራከርሁትም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጉብታው ወጣሁ። የግራዝማች አውድማ ያለው እዚያ ነው፤ የጤፍ ክምር ቀርቷል፣ እሱን እየወቁ ነው። መሬቱ ቀይ ነው። ስንጥቅ የለም። እርጥብ አድርጌ ጥብጣብ ላወጣለት ብሞክር ወዲያው ተቆረሰ። ውኃ ባፈስበት ጠጥቶ ዝም አለ።

ለአለቃዬ በወሬ ብቻ ብሄድ እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከይመር ሁለት ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ተቀብዬ፣ አንዱን በዋልካ አንዱን በቀይ አፈር ጭቃ እስከ አፉ ሞልቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ይመር፣ «ምነው፣ ምሳችን ነው እንዴ?» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲያሾፍብኝ ዋለ።

ዓርብ፣ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

ሥራ የለም። ትናንትም የመጣ ቆፋሪ አልነበረም፤ ሁሉም ለበዓሉ ሲዘጋጅ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግራዝማች ቤት ተጠራን። ጾም ስለሆነ የሽሮና የስልጆ ድግስ ነው፤ ጠላው ግን እንደ ጉድ ነበር።

ግራዝማች ለእንግዳው ሁሉ ስለ ጤና ጣቢያው ይናገራሉ። መስኮቱ ስንት እንደሚሆን፣ ሐኪሙ የት እንደሚተኛ። እንደ ልጅ ነው የሚያወሩት። እኔ ከጥግ ተቀምጬ ዋንጫዬን አያለሁ።

ባለቤታቸው እሜቴ ጥሩነሽ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ቀስ ብለው፣ «ይህን መሬት ለምን እንደሰጠ ነግሮሃል?» አሉኝ። አልነገሩኝም አልሁ። ከዚያ ነገሩኝ። የመጨረሻ ልጃቸው የሻረግ በወባ ታመመች፤ በቃሬዛ ወደ ጎንደር ሲወስዷት አዘዞ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሞተች። የልጅነት ልብሷ አሁንም ሳጥን ውስጥ ነው። ዋልካው የእሷ ድርሻ ነበር፤ ስትዳር ሊሰጧት የለዩላት። «ካለን ሁሉ የሚበልጠውን ነው የለየላት» አሉ እሜቴ። «አሁንም ለሌላ ሰው ልጅ የሰጠው የሚበልጠውን ነው።»

ጠላዬን ጠጣሁ። መሬቱ ለሕንፃ እንደማይሆን ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ አልቻልሁም።

ቅዳሜ፣ ጥር 22፣ ጎንደር

ቆርቆሮዎቹን ጭኔ ላይ ይዤ ጎንደር ገባሁ። አቶ ታደሰ ጣልያን በሠራው ሕንፃ ፎቅ ላይ ናቸው። ገና ሳልቀመጥ፣ «ሲሚንቶው መጥቷል፣ ግንበኞቹም ተቀጥረዋል፣ አንተ ደግሞ ቆርቆሮ ይዘህ መጣህ?» አሉኝ።

ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። ቀዩ እንደሞላሁት ነው፤ ትንሽ ብቻ ዝቅ ብሏል። ዋልካው ከቆርቆሮው ዙሪያውን ተላቆ፣ መሃሉም ተከፍሎ፣ ሲነቀንቁት ይንኳኳል። አቶ ታደሰ አንሥተው ነቀነቁት። እንደገና ነቀነቁት።

«ውኃ ጨምርበት» አሉ። ጨመርሁ። ሌላ ወረቀት ሲፈርሙ ቆይተው ሲመለሱ ዋልካው አብጦ ከአፉ በላይ ወጥቷል፤ ጠረጴዛቸውን አቆሸሸ።

«ብናጠልቀውስ?»

«እርጥበቱ ከማይለዋወጥበት ድረስ መውረድ ይቻላል፤ ግን የሕንፃው ሲሚንቶ መሠረቱ ውስጥ ያልቃል። ጉብታው ላይ ቀይ አፈር አለ፣ እዚያ የጥልቀቱ ግማሽ ይበቃል።»

ጠረጴዛቸውን በጨርቅ ጠረጉና፣ «ፕላኑ ይዛወር። ግን ግራዝማችን አንተው ንገራቸው» አሉኝ። ድል ነው። ግን ግማሽ ድል ነው፤ ከባዱ ክፍል ለእኔ ተተወ።

እሑድ፣ ጥር 23፣ ቆላ ድባ

ነገርኋቸው። እንዴት ክፉ አድርጌ ነገርኋቸው!

ከቅዳሴ በኋላ በረንዳቸው ላይ ነበርን። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝና፣ «ግራዝማች፣ መሬቱ ጥሩ አይደለም» አልሁ። በቃ እንዲህ ነው ያልሁት።

«የቱ መሬት?»

«ዋልካው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ዝናብ በጠፋበት ዓመት እንኳ እሱ ነው ያበላን። አባቴ ሲሞት ‹እሱን አደራ› ያለኝ መሬት ነው። ጥሩ አይደለም አልህ? ከጎንደር መጥተህ፣ ሰሞኑን ጉድጓድ ቆፍረህ?» ተነሡ። «እኔ የማይረባ ነገር የምሰጥ ሰው ነኝ?»

ላስረዳ ብሞክር ገብተው በሩን ዘጉት። ይመር ማኪናዋን ሊያጥብ ውኃ እየቀዳ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል። «ዛሬ ማታ እዚህ ነው የምናድረው ወይስ ማኪናዋ ውስጥ?» አለኝ። አላሾፈም።

እዚያው አደርን። እራት ግን የመጣልን በሠራተኛ እጅ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 24

ዕቃዬን ልሰብስብ ብዬ ወደ ዋልካው ወረድሁ። ጉድጓዱ ዳር ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጠጋ ብዬ ሳይ ግራዝማች ውስጥ ናቸው! በዚያ ዕድሜያቸው ብቻቸውን ወርደው፣ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈዋል።

ቀና ሳይሉ፣ «ይህን ማን ወለወለው?» አሉኝ።

ወረድሁና አጠገባቸው ቆምሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ማበጡን፣ መኮማተሩን፣ ገለባው እንዴት እንደወረደ። የነጋዴውን መጋዘንም ነገርኋቸው። ገለባውን ከግድግዳው መዝዘው አዩት፣ አሸተቱት።

«ታዲያ ክፉ ነው?»

«አይደለም። ትናንት አባባሌ ስህተት ነበር። ለእህል ከዚህ የሚበልጥ በደንቢያ አይገኝም። ውኃ ይይዛል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሽምብራውን የሚያበቅለው የያዘው ውኃ ነው። ግን ውኃ ሲይዝ ያብጣል፣ ሲሰጥ ይኮማተራል። እህል ይህን ይወደዋል፤ ግንብ ግን አይችለውም።»

«ክረምት የአጥሬ ግንድ ለምን እንደሚዘም ሳልጠይቅ አረጀሁ» አሉና ፈገግ አሉ። «ሂድና እይ ብላ የላከችኝ ጥሩነሽ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችኝም። ያዘኝ፣ አውጣኝ።»

መውጣቱ ከመግባቱ ይከብዳል። ይመርን ጠርቼ እየገፋን እየጎተትን አወጣናቸው። ሦስታችንም ጥቁር ሆንን። ስንስቅ በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያዩን ነበር።

ምሳ አብረን በላን። ግን ስለ ጉብታው ገና አላነሣሁም። አውድማ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስንት ዓመት በእበት ተለቅልቆ፣ በበሬ ተረግጦ የጸና ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 25

መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጠዋት ራሳቸው፣ «ቀዩ መሬት ያለው የት ነው?» አሉኝ። የት እንዳለ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ የቆርቆሮዎቹን ነገር ይመር ሳያወራላቸው አልቀረም። ጉብታውን አሳየሁ። አውድማቸውን አዩ፣ ወደ እሜቴ ጥሩነሽ ዞሩ። እሜቴ፣ «ክምሩ አልቋል። ለከርሞ ሌላ እንለቀልቃለን» አሉ። ነገሩ ያለቀው በዚህ ነው።

ከአውድማው ዳር አስቆፈርሁ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ከዚያ የበሰበሰ ድንጋይ፣ ከዚያ ዶማ የማይገባው ድንጋይ። የሚያበራ ገጽ የለም፣ ገለባም የለም። ግራዝማች ከላይ ሆነው በየመካከሉ፣ «እሱስ? አሁንስ ምን አገኘህ?» እያሉ አላስቆፍር አሉን።

አንድ ስጋት አለብኝ፤ ጉብታው ላይ ውኃ የለም። ከታች በአህያ ማስመጣት ሊያስፈልግ ነው። ለአቶ ታደሰ መንገር አለብኝ፤ ደስ አይላቸውም።

ማታ የአፈር መመዝገቢያ ሠንጠረዤን አወጣሁ። ለዋልካው «ዓይነት፦ መጥፎ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝሁት። «ለእርሻ እጅግ ጥሩ፣ ለግንባታ አይሆንም» አልሁ። ከአሁን በኋላ ለምን እንደሚፈለግ ሳልጠይቅ የአፈር ደረጃ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ጥር 27

አቶ ታደሰ መጡ። በውኃው ነገር አጉረመረሙ፣ ከዚያ ጉድጓዱን አይተው ግንበኞቹን ጠሩ።

ካህናቱ ጸለዩ፣ ጠበል ተረጨ። የመጀመሪያውን ድንጋይ እንዲያስቀምጡ ግራዝማችን ጠራናቸው። አልወርድም አሉ፤ ወደ እሜቴ ዞረው፣ «አንቺ አስቀምጪ» አሏቸው። እሜቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወረዱ። ድንጋዩን ሁለት ግንበኞች ደገፉላቸው። ካስቀመጡት በኋላ እጃቸውን ቶሎ አላነሡም። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ሲወጡ ለሁላችንም በሚሰማ ድምፅ፣ «ዋልካውን እንደ ድሮው እናርሰዋለን» አሉ። «ሽምብራው ግን ወደ እኛ ጎተራ አይገባም። ከሩቅ በሽተኛ ይዞ የሚመጣ አስታማሚ ምን ይበላል? የልጃችን የሻረግ ሽምብራ ነው፣ ለእነሱ ይሁን።» ግራዝማች ቀድመው አልሰሙትም ነበር መሰለኝ፤ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። አቶ ታደሰ እንኳ ቆባቸውን አወለቁ።

ክረምት ሳይገባ ጣሪያ እንድረስ አንድረስ አላውቅም። ውኃውም ገና አልተፈታም። ግን ስንመለስ ግራዝማች ክንዴን ይዘው፣ «ነገ ሥራ አለህ» አሉኝ። ምን ሥራ አልኋቸው። «አዲስ አውድማ የምለቀልቅበት ቦታ ትፈልግልኛለህ። አብረን እንዞራለን።»

በጣም ደስ ብሎኛል። ነገ ጠዋት እንዞራለን።