አባባ የሰፉት ሁለተኛው ካባ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለቤታችን ሬዲዮ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅሽ ሳል ተወሽ ወይስ አሁንም አብራችሁ ናችሁ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው፤ ደረጃውን ትወጣለች ወይስ አሁንም ከታች ሆና ትጣራለች? አባባስ ክሩን በመርፌው ለማሳለፍ ዓይናቸው አላስቸገራቸውም? ትልቁ ወንድማችን፣ ሚስቱ፣ ያ ቤት የሚያምሰው ልጃቸው፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከድካም በቀር ተመስገን ደኅና ነኝ። ድካሙን በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ልማድሽን ላንሳ። እንደ ሁልጊዜው ከራት በኋላ አባባ ስፌታቸውን አስቀምጠው፣ እማዬ ሻሿን አስተካክላ ሲቀመጡ፣ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ። ችግሩ የጻፍኩትን ብቻ አለማንበብሽ ነው። ባለፈው ጉንፋን ጥሎኝ ሰነበተ ብዬ ብጽፍ፣ እማዬ ያስጻፈችሽ መልስ «ወፈርሽ ሲባል ሰምቼ ደስ አለኝ» ይላል። አለቃዬ ተቆጡኝ ብዬ ብጽፍ አባባ «አለቃሽ ስላመሰገኑሽ ኮራሁ» አሉኝ። ሁለቱንም መልስ በገዛ እጅሽ ስትጽፊ ትንሽ እንኳ አላፈርሽም! አልተቀየምኩሽም፤ እንዲያውም እኔ ከምጽፈው ደብዳቤ አንቺ የምታነቢው ይሻላል። ይህን ግን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አንብቢው፤ አደራ።

«ምን ልማር? አንቺ ያልሽውን እቀበላለሁ፤ አባባም እሷ ያለችው ይሁን ብለዋል» ያልሽው ደረሰኝ። ልብሽ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ላይ እንዳለ፣ ተማሪዎች የትምህርት ምርጫችሁን የምታሳውቁበት ቀንም እየቀረበ እንደሆነ ገብቶኛል። በዚያ ላይ አባባ ፈተናሽ ገና ሳይታረም የጠበቃ ካባሽን ሰፍተው ጨርሰው ሱቁ መስኮት ላይ ሰቅለውታል አልሽኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ሆዴ ባባ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ደንበኛ ሁሉ «የትንሿ ልጄ ነው» እየተባለ ሲያየው፣ አንቺ በዚያ መስኮት ፊት አንገትሽን ደፍተሽ ስታልፊ ታየኝ። የእኔንም እንዲሁ ነበር የሰፉልኝ። ሳይለኩኝ በግምት ስለሰፉት ትከሻው ሰፍቶ፣ ዳኛ ፊት ስቆም ውስጡ አንድ ሌላ ሰው የተደበቀ ይመስላል።

እንግዲህ ስለ ሕግ ልንገርሽ፤ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ጠዋቱን የማሳልፈው ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው። አግዳሚው ወንበር ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ የእርጥብ ካፖርት ሽታ አለ። ስማችን ተጠርቶ ስንገባ ዳኛዋ መዝገቡን ገለጥ አድርገው ለሌላ ቀን ይቀጥሩናል። ለምን እንደተቀጠረ ለባለጉዳዩ ማስረዳት የእኔ ፋንታ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ አላውቀውም። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ ውል አረቃለሁ፤ ስለ አንዲት ቃል ከአለቃዬ ጋር እንነታረካለን። ቤት ስደርስ እግሬ አብጦ ጫማው አልወልቅ ይለኛል። አብረውኝ የተማሩት ሁሉ እንደኔ አይደሉም። አንዷ ዐቃቤ ሕግ ሆናለች። አንዱ ባንክ ውስጥ የሕግ አማካሪ ነው፤ ባለጉዳይ የማይደገፈው ንጹሕ ጠረጴዛ አለው፣ እቀናበታለሁ። ሌላው ዳኛ ሆኖ በዚህ ዕድሜው ፀጉሩን ጨርሷል። ብቻ ሥራ ይገኛል፤ እሱን መካድ ግፍ ነው።

ክፍል የምጋራት ደባሌ ደግሞ ታሪክ የተማረች ናት። ተመርቃ ብዙ ጊዜ ያለ ሥራ ተቀመጠች፤ በሰዓት እየተከፈላት አስተማረች፤ ጋዜጣ ቤት የሰው ጽሑፍ አረመች። አሁን ቤተ መዛግብት ገብታ የድሮ ወረቀት ስትለይ ትውላለች፤ ማታ እጅጌዋ አቧራ ለብሶ ትመጣለች። እሷም ደክሟት ነው የምትገባው። ልዩነቱ፣ እሷ ጫማዋን ሳታወልቅ የዋለችበትን ልትነግረኝ ትጀምራለች፤ እኔ ግን ጫማዬን ከታገልኩ በኋላ ዝም እላለሁ። ያንቺን ነገር ሳማክራት «ይቅርባት በናትሽ! ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው እየተባለች ልትኖር?» አለችኝ። መብራት ልናጠፋ ስንል ደግሞ «ከወደደችው ግን አትከልክያት» አለች። ከዚህ በላይ አልጨመረችም።

ሐሳቤን ያስቆረጡኝ ግን አንድ ሽማግሌ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። አከራያቸው ሊያስወጣቸው ከስሷቸው ጉዳያቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዳኛዋ የጠየቋቸው ውሉ መቼ እንደታደሰ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ምድጃውን ከአባታቸው ጋር ከሠሩበት ጊዜ ጀመሩ። በክርኔ ጎሸም አድርጌ አስቆምኳቸው። ሥራዬ ነው፤ ባላስቆማቸው ኖሮ የተጠየቁት ሳይመለስ ሰዓቱ ያልቅብን ነበር። ረቱ። ስንወጣ «አሁንስ ልናገር?» አሉና ኮሪደሩ ላይ አስቀምጠውኝ ከምድጃው ጀመሩልኝ። እህቴ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ባለጉዳይ እያወራኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሰፊ ካባ ተጠቅልዬ ተኛሁ። ስነቃ ሰውዬው እጃቸውን አጣጥፈው አጠገቤ ተቀምጠዋል። «ነቃሽ ልጄ? ጭስ ማውጫው ጋ ደርሰን ነበር» አሉና ካቆሙበት ቀጠሉ።

በጣም አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ብትሆኚ አትተኚም ነበር። ጭስ ማውጫውን ማን እንደገነባው፣ አባታቸው ያን ቀን ምን እንዳሉ፣ የመጀመሪያው ዳቦ አርሮ እንደሆነ ትጠይቂያቸው ነበር። የሰው ወሬ ከመሐል መቁረጥ ለእኔ እንጀራዬ ነው፤ አንቺን ግን ያምሻል፣ አውቅሻለሁ። ስለዚህ ቃሌ ይኸውልሽ፤ ልብሽ ያለበትን ተማሪ። ሥራ ቶሎ ላይገኝ ይችላል፤ ልብሽ እስኪወልቅ ትፈልጊ ይሆናል። ቋንቋ ጨምሪበት፤ ማስተማርም፣ መተርጎምም፣ መጽሐፍ ማረምም አለ። አንድ ቀን ሐሳብሽ ቢለወጥ ሕጉ የትም አይሄድም፤ በኋላም የሚማሩት ሞልተዋል። ሲከፋሽ እኔ አለሁ። ሲደክመኝም አለሁ።

አባባ፣ አሁን የምናገረው ለእርስዎ ነው። በልጅነቴ በሰበብ አስባቡ ስከራከር «ነገረኛዋ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያኔ ሱቁን ይልቀቁ ተብለው ዳኛ ፊት ሲቆሙ አንደበትዎ ተሳሰረ፤ ቤት መጥተው «ከልጆቼ አንድ እንኳ እዚያ ቆሞ የሚናገር ይውጣልኝ» ማለትዎን አልረሳሁትም። ይኸው በየቀኑ ቆሜ እናገራለሁ። ቃል የጠፋው ባለጉዳይ አጠገቤ ሲቆም እርስዎን ነው የማየው። ይደክመኛል እንጂ አልተጸጸትኩም። አንድ ነበር የለመኑት፤ አንድ አግኝተዋል።

በይ እህቴ፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ አልወፈርኩም፣ ግን እየበላሁ ነው በያት። ትልቁን ወንድማችንን ዝምታው በዛ፣ ሁለት መስመር እንኳ ይጻፍልኝ በይው። ሚስቱን አቅፈሽ ሳሚያት፤ ልጃቸውን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ። ከሱቁ አጠገብ ያሉትን ጫማ ሰፊም እንዳትረሺ፤ ይህን ያበጠ እግሬን የሚችል ጫማ ቢሰፉልኝ ምርቃቴ አይለያቸውም።

አባባን እጃቸውን ስመሽ፣ ካባውን ከመስኮቱ አውርደው ለእኔ እንዲልኩልኝ ንገሪልኝ። የእኔው ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ቁመታችን አንድ ነው፣ ትከሻውንም ለምጄዋለሁ። ሁለት ጠበቃ ልጆች አይኖሯቸውም፤ ሁለት ካባ ለብሳ የምትጨርስ አንዲት ጠበቃ ግን አለቻቸው። ይህቺን መስመር ዘለሽ እንዳታልፊያት።

ታላቅ እህትሽ፣ ነገረኛዋ

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በወሩ በአሥራ አንደኛው ቀን