የቆረጥከው አንጓ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን

ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ የተቃጠለው አንጀቴ ብቻ ነው። ትናንት ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ መስመሩ አልተቋረጠም። ስልክ ላይ ስንጨቃጨቅ አንተ ስብከት ትጀምራለህ። ደብዳቤ ግን አይሰበክለትም። ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

አክስቴ የእሁዱን ፕሮግራም ቀድታ ላከችልኝ። «ደስ ይበልሽ፣ የአባትሽ መዘምራን ያንቺን ዘመሩት» ብላ። እየሮጥኩ ከፈትኩት። ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ፣ ልብሶቼ መሃል ተወሽቄ፣ የጎረቤት ውሻ በጮኸ ቁጥር እየደገምኩ የቀዳሁት ዘፈን በአርባ ሰው ድምፅ! እንባዬ መጣ። ሁለተኛው አንጓ አለቀ። ሦስተኛውን ስጠብቅ «ጥርጣሬዬ ሁሉ በኖ ጠፋ» የሚል፣ እኔ ያልጻፍኩት ነገር ገባ። ሰው አጨበጨበ። አንተም መድረኩ ጥግ እጅህን አንስተህ ቆመሃል።

ስደውልልህ ምን አልከኝ? «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ? አጠብኩልሽ እንጂ።»

አጠብኩልሽ! ዘፈኔ ካልሲ ነው እንዴ?

«ዘፋኟ ልጄ ጠፍታለች፣ ጸልዩላት» ብለህ በማይክራፎን ስትናገር ችያለሁ። ሠላሳ ሰው በማይሞላው አዳራሽ ስዘፍን አማኙ «ካደች»፣ የማያምነው «ሰባኪ ናት» ሲለኝ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ስባልም ችያለሁ። ይህን ግን አልችልም። የቆረጥከው አንጓ የእኔ አይደለማ። የእማዬ ነው።

አዎ፣ የእማዬ። ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ሳምንት «ትድናለች፣ ቃል ተሰጥቶኛል» ብለህ ለጾም ጸሎት ሄድክ። ከሰዓት በኋላ ነው። ነርሷ ትራሷን አስተካክላላት ወጣች። እማዬ እጄን ያዘችና፦

«እጠራዋለሁ፣ አይመልስልኝም። በሩ ላይ ቆሜ ደከመኝ። ግን ሌላ ደጅ አላውቅም» አለችኝ።

በቃ፣ አንጓው ይኸው ነው። ዜማ ሰጠሁት እንጂ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

«ለአባዬ ልንገረው?» አልኳት።

«እንዳትነግሪው። እሱ የቆመው በእኔ እምነት ተደግፎ ነው። ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?»

ይኸው ስምንት ዓመት አፌን ለጉሜ አንተን ደገፍኩ። ቀብሯ ላይ «ለቅጽበት እንኳ ሳትጠራጠር አለፈች» ስትል ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። አንተ ግን የመጨረሻ ጸሎቷን እድፍ ነው ብለህ አጠብከው! አደራዋን በማፍረሴ አፍራለሁ። እሷ ይቅር ትበለኝ፤ አንተን ይቅርታ አልጠይቅህም።

ወይ አንጓውን መልሰህ አስዘምር፣ ወይ ዘፈኔን ተውልኝ። «ምእመናን ይሰናከላሉ» አትበለኝ። እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠው ስንቱ ደክሞት ሳለ የሚያጨበጭብ ይመስልሃል? አንተስ፣ አባዬ? ከሷ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልደከመህም?

የግፊት መድኃኒትህን እንዳትዘል። ተቆጣሁ እንጂ አልጠላሁህም።

ጉልበትህ ይጽና፣ ቤትህ ጭር አይበል፣ ብቻህን አትቅር። ይህን ስመርቅህ ማንን እየለመንኩ እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ።

ጠፋች የምትላት ልጅህ