የእማዬ ሙቀት ወባ አይደለም

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሚዛን አማን

ለተከበሩ የሠፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ለአቶ ፈንታው

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት የምናየው ያ ትልቅ መዝገብም በደህና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ የአስተያየት መስጫው ሣጥን ውስጥ መክተት ነበረብኝ። ነገር ግን የሣጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ጥበቃው ስለነገረኝ፣ ሁሉም ሰው እንዲያነበው አድርጌ ጽፌ ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ልለጥፈው ተገድጃለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከአቤቱታዬ በፊት ግን አንድ ነገር ማመን አለብኝ፤ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን «ወባ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ «ምኗን ነው የሚያማት?» ብሎ ሲጮህ ከኋላችን ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ግማሹ ወንድ ነው። እማዬ አንገቷን ደፍታ እኔን አየችኝ። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመት እንዳለፈው፣ ከዚያ ወዲህ ከደረቷ ተነስቶ ፊቷን የሚያነደው ሙቀት በቀን አሥር ጊዜ እየመጣ ልብሷን በላብ እንደሚያርሰው አውቅ ነበር። እኔ ግን ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቁሜያለሁ፤ በሰው ፊት ስሜን መናገር እንኳ ያስጨንቀኛል። ስለዚህ «ወባ ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። እናንተም ወዲያው ጻፋችሁት። በሕይወቴ የተናገርኩት ነገር እንደዚያ ቀን ታምኖልኝ ስለማያውቅ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

1. የእናቴ ደም አራት ጊዜ ተመርምሮ አራቱንም ጊዜ ወባ አልተገኘበትም፤ የወባ መድኃኒት ግን አራቱንም ጊዜ ታዞላታል። የሙቀት መለኪያው ትኩሳት የለባትም ሲል እሱም አልታመነም። መርማሪያችሁ በዚህ ወቅት በዚህ አገር ሰውነቱ የሚግል ሰው ሁሉ ወባ ነው ብሎ አስረድቶናል። ወባ በሌለበት ወባን ማከም የቻለ ጤና ጣቢያ በሠፈራችን በመኖሩ ልንኮራ ይገባናል።

2. ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር አቶ ባየ፣ ጉልበቴ አለቀ፣ እንቅልፍም እንቢ አለኝ ብለው በመጡበት ዕለት ሪፈር ተጽፎላቸው ጅማ ሄዱ። እዚያም ሆርሞናቸው ተመርምሮ ዝቅ ማለቱ ስለታወቀ መርፌ ጀመሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ አሁን ገበያ ድረስ በእግራቸው ሲሄዱ ሳይ ደስ ይለኛል። እናቴ ደግሞ ለአራተኛ ጊዜ በመጣንበት ቀን እንደምንም ደፍራ እውነቱን ለመርማሪው በጆሮው ስትነግረው፣ «እናት፣ ይሄ እኮ ዕድሜ ነው፣ ቻይው» አላት፤ ከምክሩም ጋር ያንኑ የወባ መድኃኒት ጨመረላት። ዕድሜ ለአቶ ባየ ሪፈር፣ ለእናቴ ምክር እንደሚያሰጥ ስላሳወቃችሁኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

3. ቢሮዎ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ ሁለቱንም ጊዜ በሩን ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ቁጥር ስለጀመርኩ ነው የጻፍኩት።

ቀጥሎ ያለው ቅሬታ መሆኑን ስለማላውቅ ቁጥር አልሰጠሁትም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኔና እማዬ ሁለት ብቻ ነን። እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር። ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ አሳርፌ በሳምንቱ ውስጥ ለማንም ያልተናገርኩትን ሁሉ የምነግራት ያኔ ነው፤ ፊቷን ስለማላይ አላፍርም። ከጳጉሜን ወዲህ ግን ስጠጋት «ራቅ በይ የኔ ልጅ፣ ሙቀትሽ ይጨመርብኛል» ትለኛለች። ተቆጥታ አይደለም፤ ደክሟት ነው። ዛሬም እሑድ ነው፤ ፀጉሬን ራሴ ጎነጎንኩት፤ ከኋላ በኩል አልደርስበት ብዬ ተንጋዷል። ያልተናገርኩት ነገር የዐሥራ አንድ ሳምንት ሆኖብኛል።

አማን ከተማ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሜሪ የምትባል ሴት አለች። አራተኛውን ማዘዣ ስታይ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት እማዬን ከባንኮኒው ጀርባ አስቀምጣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን እንደሚቀንስ፣ ሙቀቱም እንቅልፍ ማጣቱም ከዚያ እንደሚመጣ፣ የቀነሰውን የሚተካ ሕክምና መኖሩን ነገረችን። ለሁሉም ሴት ግን አይሆንም አለች፤ ጡቷና የደም ግፊቷ ይታያል፣ ደሟ ረግቶ ያውቅ እንደሆነ ትጠየቃለች፣ የሚወስነውም ሐኪም ነው። ሐኪሙ ዘንድ ለመድረስ የእናንተ ወረቀት ያስፈልጋል። አንድ ወረቀት። ከዚያ ስንወጣ እማዬ መንገድ ላይ ቆም ብላ «ለካ ስም አለው» አለች።

ሐኪሙ አይቷት ሕክምናው አይሆናትም ቢል እንኳ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ካርዷ ላይ ተጽፎ የቀረውን የእኔን ውሸት ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳችሁንም ስለማጣብብ አዝናለሁ። ጤና ጣቢያው እስከዛሬ እንዳከመን ሁሉ እርስዎንም እንዲያክምዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

አንገቷን ደፍታ ከመስኮታችሁ የተመለሰችው
ትዝታ ታፈሰ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን የእናቴን ስም ሳልጠቅስ ጽፌ አነበብኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰማችኝና «ንጋቷ ብለሽ ጻፊው» አለችኝ፤ ይኸው ጽፌዋለሁ። ጣቷን አራት ጊዜ የወጋው መርፌ ነገ እረፍት ይሰጠው፣ ደክሞታል። ነገ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከእማዬ ጋር መስኮቱ ፊት እቆማለሁ። «ምኗን ነው?» ስባል፣ ከኋላዬ ስንት ሰው እንዳለ ዞሬ ሳላይ፣ «ወባ አይደለም፤ የወር አበባዋ ስለቆመ ነው፤ ሪፈር ይጻፍላት» እላለሁ። ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ላይሰማ ይችላል። ካልተሰማ ደግሜ እለዋለሁ።