የላሜራ ጀልባዎቼ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ውባንቺ

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ነገር በአዲስ አበባ ብርድ ተነሥቶብሽ ይሆን? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል? አብነት ሳሉ ለቀቀው? ጸደይስ ጥርሶቿ በቀሉላት ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? ስለ እኔ ከጠየቅሽ አካሌ ደህና ነው። ሙቀቱም ገና አልበረታም፣ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ነፋስ ይመጣል። የማስተምራቸው ልጆችም ደህና ናቸው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥሁት።

ሙሂዲን፣ ማለት ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የወሎ ሰው፣ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ የላክሽልኝን በርበሬና ደብዳቤሽን አደረሰልኝ። በርበሬውን እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ግን አንብቤ እንደጨረስሁ ወረቀት አወጣሁ። «በየካቲት አዲስ አበባ መጥተሽ፣ ዘመድ እንደሌላት ሴት ሆቴል አድረሽ፣ ደጄን ሳትረግጪ ተመለስሽ። ሰው ምን ይለኛል? ሣህሉም በጣም አዝኖብሻል» ብለሻል። እሱ አዝኖብኛል! እትዬ፣ ይህን ቃል ባትጽፊው ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

ሣህሉ ምን እንደሆነልኝ አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺን ካገባ ጀምሮ ጋሼ ስለው ነው የኖርሁት። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ለሴት ልጅ ይህ ይበቃታል፣ ሥራ ትያዝ» ሲል፣ «የለም አባቴ፣ ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት፣ እኔ ዘንድ ትምጣ» ብሎ የተሟገተልኝ እሱ ነው። ሳሎናችሁ ውስጥ እየተኛሁ ዩኒቨርሲቲ ተመላለስሁ። ሥነ ልቦና ስማርም መምህሬ እሱ ነበር። የመጀመሪያው ዕለት ሰሌዳው ላይ የአንዱ ጫፍ ወደ ውጭ የሌላው ወደ ውስጥ የታጠፈ ሁለት መስመር አሥምሮ «የትኛው ይረዝማል?» አለን። ሁላችንም የላይኛው አልን። በማስመሪያ ሲለካው እኩል ሆነው ተገኙ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም። ሰው በገዛ ዓይኑ እንዲህ የሚታለል ከሆነ፣ እንዴት እንደሚታለል ሳላውቅ አልሞትም ብዬ ያሰብሁት ያን ዕለት ነው።

ዲግሪዬን ይዤ ረዳት መምህር ሆንሁ። መንግሥት ሲለወጥ ግን ቦታዬ ተዘጋ፣ ያገኘሁትም ሥራ አሰብ ላሉት የኢትዮጵያውያን ልጆች ማስተማር ነበር። እኔ ሳለቅስ ሣህሉ አጽናናኝ። «ለሁለተኛ ዲግሪሽ ተመዝገቢ፣ እዚያው እያስተማርሽ ጥናትሽን ሥሪ። አማካሪሽ እኔ ነኝ» አለኝ። አንቺም አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝተሽኛል።

እዚህ በመጣሁ በሳምንቱ ቀትር ላይ ወደቡ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ መርከብ በሙቀቱ ብልጭታ ከባሕሩ ተነቅሎ አየር ላይ የሚንሳፈፍ መስሎ ታየኝ። አጠገቤ ጭነት የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ምን ያህል ይርቃል ብዬ ብጠይቀው «ዋኝቼ እደርስበታለሁ» አለኝ። አብራኝ የምታስተምረው ነጅዋ ደግሞ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ እሷ «ከሰዓት በኋላም አይደርስም» አለች። ጥናቴ እዚያ ላይ ተጀመረ። አንድ ጋራዥ ሄጄ በጀልባ ቅርጽ ላሜራ አስቆረጥሁ፣ ትልቅም ትንሽም፣ ሁሉንም ጥቁር አስቀባሁ። ባሕሩ ዳር እየተከልሁ ሰዎችን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ለአንዱ «ያ ጀልባ ምን ያህል ይርቃል?» እለዋለሁ፣ ያንኑ ላሜራ ለሌላው «ያ መርከብ ምን ያህል ይርቃል?» እለዋለሁ። ጀልባ ያልሁት ሰው ቅርብ ያየዋል፣ መርከብ ያልሁት ሩቅ ያየዋል። ዓይናቸው ሳይሆን ከእኔ አፍ የወጣው ቃል ነው የሚለካላቸው።

ይህ ከደጋ በመጡት ላይ ብቻ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ባሕር ላይ ያደገ አይታለልም ብዬ አስቤ፣ ከነጅዋ ጋር በጀልባ ዒድ እስከምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ድረስ ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ ሲያስመልሰኝ ነጅዋ ግንባሬን ይዛልኝ ነበር። እዚያ አጎቷ ኑህ አለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓሣ አጥማጅ። እሱም ተታለለ! ሄዶ ላሜራውን በእጁ ከዳሰሰ በኋላ «ያ ረቢ፣ ዓይኔን ማን ሰረቀኝ?» ብሎ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። የጠበቅሁት ነገር ስለፈረሰ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አዲስ ነገር ያገኘሁት እዚያ ላይ ነውና። በዚያ ክረምት ቤትሽ መጥቼ ምሳ ላይ ይህን ስነግርሽ፣ የኑህን ነገር ሰምተሽ እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። ታስታውሻለሽ?

እንግዲህ ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ለሣህሉ እልክለታለሁ። እሱ ሁልጊዜ «ገና ነው አሰጋሽ፣ አትቸኩዪ፣ አንድ ጊዜ ከተሳቀብሽ አለቀልሽ» ይለኛል። አምናም እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር። ነጅዋ ዓሣ ጠብሳ አበላችው። ባሕሩ ዳር ሄደን ላሜራዎቹን በካሜራው አነሣ፣ እኔንም አጠገባቸው አቁሞ። «ለመጽሐፍሽ ይሆናል» አለኝ።

በየካቲት ትምህርት ሲዘጋ ሳልነግራችሁ ድንገት ልመጣባችሁ ብዬ ተሳፈርሁ። መጀመሪያ ሣህሉን ከሥራው ልያዘው ብዬ ዩኒቨርሲቲ ሄድሁ። አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ትልቅ ስብሰባ አለ አሉኝ። ከኋላ ገብቼ ተቀመጥሁ። እሱ መድረክ ላይ ቆሟል። «አሰብ ላይ ባካሄድሁት ጥናት» ሲል ሰማሁት። መጀመሪያ ስሜን ሊጠራ ነው ብዬ ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ፣ እመኚኝ፣ ፀጉሬን ሁሉ አስተካከልሁ። እሱ ቀጠለ። ጋራዡን፣ ጥቁሩን ቀለም፣ ዒድን፣ አሸዋው ላይ ተቀምጦ የሳቀውን ዓሣ አጥማጅ፣ ሁሉንም ራሱ እንዳየው አድርጎ ተናገረ። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከዚያ ስላይድ አበሩ፣ እኔ ከላሜራዬ አጠገብ ቆሜ ግድግዳውን ሞልቼ ታየሁ። ከፊት የተቀመጡ አንድ እንግዳ «ሴትዮዋ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

«የአካባቢው ሰው ናት፣ አስተርጓሚያችን» አለ።

ተነሣሁ። አየኝ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ የሚያመለክትበት እንጨት ግን ከስላይዱ ላይ አልወረደም። «እኔ አስተርጓሚ አይደለሁም» አልሁ፣ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ወጣ። ሰብሳቢው «እመቤት፣ ጥያቄ ካለዎት ከሻይ በኋላ» አሉኝ። አጠገቤ ያሉት ዞር ብለው አዩኝ፣ መልሰው ወደ ፊት ዞሩ።

በሻይ ሰዓት ክርኔን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። ያፍራል ብዬ ነበር። ጭራሽ ተቆጣኝ። «ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ዕድገቴ በዚህ ወር ይወሰናል። እኔ ፕሮፌሰር ብሆን የሚጠቅመው ማንን ነው? አንቺን አይደለም?»

«ስሜስ ጋሼ?» አልሁት።

«ስምሽ ይደርሳል፣ ልጅ ነሽ። ደግሞ ማን ታይፕ ያደረገው ይመስልሻል? ውባንቺ ናት፣ በገዛ እጇ። እሷ ያልከፋት አንቺን ምን ከፋሽ?»

እትዬ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ተክለጻድቅ ዘንድ ሄድሁ። የማውቃቸው ሰው ናቸው፣ እሳቸውም አስተምረውኛል። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ የቤተሰብ ነገር ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት፣ ወደ ቢሮ አታምጡት» አሉኝ። ቤተሰብ ባልሆን ሌባ ይባል ነበር ማለት ነው። እንግዲህ እንዴት አድርጌ ቤትሽ መጥቼ ከሱ ጋር ከአንድ ትሪ ልብላ? ሆቴል አደርሁ፣ በማግስቱ ያገኘሁት አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

እዚህ ስመለስ ነጅዋ አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቀችኝ። ስነግራት «እኔ ነኝኮ ዓሣ ጠብሼ ያበላሁት!» ብላ ጮኸች። እኔም ከሄድሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፣ ሳቁ ግን መሐሉ ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረብኝ፣ ሻንጣዬን ይዛ ጥላ ሥር አስቀመጠችኝ።

ከዚያ ሣህሉ አማካሪዬ እንዳይሆን ለትምህርት ክፍሉ ጻፍሁ። አማካሪ ስለሌለሽ ምዝገባሽ ተሰርዟል የሚል መልስ መጣልኝ። ዲግሪው በዚሁ ቀረ። በላሜራዎቼ ፊት የቆሙት ሰዎች ግን ጥናቱ ምን ሆነ እያሉ መንገድ ላይ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ባለፈው እሑድ ትምህርት ቤቱ ግቢ ጠራኋቸው። የወደብ ሠራተኞች መጡ፣ ሾፌሮችም መጡ፣ ኑህም ከዒድ መጣ። ነጅዋ በዓፋርኛና በዐረብኛ እያስተረጎመችልኝ ያገኘነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ሌላ ሰው የራሱ ነው ብሎ እንደተናገረውም አልደበቅሁም። ሙሂዲን ተነሥቶ «ታዲያ ያ ሰው ሲጠይቀን ማን አየው?» አለ። አንድ ሾፌር ደግሞ የሰውየውን ስም ንገሪን አለኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥሁት፣ እትዬ። ያባታቸው ስም ለአብነትና ለጸደይ ስድብ እንዲሆንባቸው አልፈለግሁም።

ሥራዬን አልተውሁም። ክሬን የሚነዱት ሰዎች ከላይ ሆነው የታችኛውን ሰው የእጅ ምልክት እንዴት እንደሚረዱት መመልከት ጀምሬያለሁ። ማን እንደሚያነበው አላውቅም። አማካሪም የለኝም።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ታይፕ ስታደርጊ ጣቶችሽ ብቻ እንደሚሠሩ፣ የምትጽፊውን እንደማታነቢው ትነግሪኝ ነበር። ይህንኑ ለራሴ እየደጋገምሁ ይኸው ወር ሞላኝ። ግን የኑህ ቦታ ላይ ስትደርሺስ? ያን ያህል የሳቅሽበት ነገር ነው፤ ጣትሽ አልቆመም? ከላይ የተጻፈውን ስም አላየሽም? አይተሽ ፈርተሽው ከሆነ ፈራሁ በዪኝ። ለልጆቼ ብዬ ነው ካልሽም ይገባኛል፣ እቆጣለሁ እንጂ ይገባኛል። ከሱ አፍ ሰምቼው ግን መኖር አልችልም። ከአንቺ ልስማው።

ለአብነት አክስትህ ናፍቃሃለች በዪልኝ፣ ዛጎል በሙሂዲን እጅ ልኬለታለሁ። ለጸደይ ጥርስሽ ቢወላገድም ሳቂ ብላለች በያት። ለጎረቤታችን ለእማማ ታየች ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ እግራቸውን ሳሚልኝ። የእማዬንም ጉልበት ሳሚልኝ። ደብዳቤዬን ሁልጊዜ ሳሎን ተቀምጠሽ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እንደምታነቢላት አውቃለሁ። ይህኛውንም አንብቢላት። ሣህሉ ካለ፣ እሱም ቁጭ ብሎ ይስማ። አንድም መስመር አትዝለዪ።

እህትሽ አሰጋሽ
አሰብ፣ መጋቢት 14 ቀን 1988 ዓ.ም.